እትዬ ይለፈኝና የመስኮቱ ቦታ

አክስቴ ካርታ ስትጫወት አብዛኛውን ጊዜ አትጫወትም። ሁለት ካርታ ይሰጧታል፣ ጠርዛቸውን በአውራ ጣቷ ቀና አድርጋ ታያቸዋለች፣ ከዚያ በግንባራቸው እንደተደፉ ወደ መሃል ገፋ አድርጋ «ይለፈኝ» ትላለች። ቀጥሎ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ሌሎቹ ሲፋለሙ ትመለከታለች። ከአሥር ዙር ስምንቱን እንዲህ ነው የምታሳልፈው። ስሟም በዚሁ ተተካ። በምትሠራበት የልብስ ስፌት ቤት እትዬ ይለፈኝ ካልሆነ በቀር በሌላ ስም የሚጠራት የለም።

ስፌት ቤቱ ከአንድ ጫማ መሸጫ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ሲወጡት የቆዳ ሽታ ይከተልና በሩ ላይ ሲደርሱ በእንፋሎትና በእርጥብ ሱፍ ሽታ ይተካል። አራት ሰዎች ይሠሩበታል። ቆራጩ ጨርቁን ይቆርጣል፤ ሱሪ ሰፊዋ ስሟ እንደሚለው ሱሪ ትሰፋለች፣ ኮት ሰፊው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ኮቱንም፤ የተሰፋውን ሁሉ በካውያ የሚተኩሰውን ሽማግሌ ራሱን ካውያው ይሉታል። የአክስቴ ሥራ የቁልፍ ቀዳዳ ነው።

ይህ ሥራ መሆኑን ሳውቅ ገርሞኝ ነበር። ኮቱ ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ፣ ገበር ገብቶለት፣ ኮሌታው ቆሞ፣ በመጨረሻ እሷ ዘንድ ይመጣል። ባለቀለት ኮት ላይ መቀስ የምታሳርፈው እሷ ናት። ጨርቁን ትሰነጥቀዋለች፣ የስንጥቁን ዳር ዳር በሐር ክር አንድ በአንድ እየቋጠረች ትዞረዋለች። አንድ ቀን በአንድ ቀዳዳ ዙሪያ ያለውን ቋጠሮ ብቆጥር ሰባ ስድስት ሆነ፤ ብደግመው ሰባ ስምንት፤ ሦስተኛውን ተውኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ኮት ስቆልፍ ጣቴ በሰው እጅ በታሰሩ ሰባ ምናምን ቋጠሮዎች መሃል እንደሚያልፍ አላሰብኩም ነበር። አክስቴ ይህን ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ያለቦታው የተሰነጠቀ ቀዳዳ ደግሞ መልሶ አይገጠምም፤ የአራት ሰው ድካም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ከመሰንጠቋ በፊት ታያለች፣ ትለካለች፣ ደግማ ታያለች። ለካርታውም ያላት ጠባይ ይኸው ነው።

ጨዋታውን ያመጣው ካውያው ነው። በወጣትነቱ የአንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሲሠራ ከወጥ ቤት ሠራተኞች ፖከር ተማረ። የካርታዎቹ ጠርዝ ሲጣመም እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎባቸው በካውያ ይደፈጥጣቸዋል፤ ካርታ የሚተኩስ ሰው ከእሱ ሌላ አይቼ አላውቅም። ቅዳሜ ሥራ ግማሽ ቀን ስለሆነ ከምሳ በኋላ የመቁረጫውን ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። ለየሰው ሃያ ሃያ የሸሚዝ ቁልፍ ይታደላል፤ የሚወራረዱት በእሱ ነው። ሲያበቁ ቁልፎቹ ወደ ቆርቆሯቸው ይመለሳሉ፣ ሰኞ ሸሚዝ ላይ ይተከላሉ።

ጨዋታው ለማያውቅ ሰው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ማንም የማያይበት ሁለት ካርታ ይይዛል። መሃል ላይ ለሁሉም የሚሆኑ አምስት ካርታዎች ቀስ በቀስ ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻ አንድ። የእጁን ከመሃሉ ጋር አቀናጅቶ የተሻለ ያገኘ ይበላል። ጥንድ፣ ማለት ሁለት እኩል ቁጥር፣ ጥሩ ነው። አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አምስት ካርታዎች፣ ለምሳሌ አምስት ልብ፣ ከጥንድ በጣም ይበልጣሉ። ዋናው ጥያቄ ግን መሃሉ ገና ሳይገለጥ ይመጣል፦ በዚህ በያዝኩት ልግባ ወይስ ልጣለው?

ቆራጩ ሁልጊዜ ይገባል። አርባ ዓመት ቢሞላውም አፉ የሃያ ዓመት ነው። ካርታ ማለት ቤትህ የመጣ እንግዳ ነው፣ እንግዳ ደግሞ ከበር አይመለስም ይላል። ሱሪ ሰፊዋ አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው ሁለት ካርታዎች ከመጡላት ቁጥራቸው ምንም ይሁን አትጥልም፣ ሲያምሩ ታዝንላቸዋለች። ካውያው እንደ ጉልበቱ ነው፤ ጉልበቱ ያልጠዘጠዘው ቀን ደፋር ይሆናል።

አክስቴ ሁለት ዓይነት ካርታ ብቻ ይዛ ትገባለች፤ ጥንድ፣ ወይም ሁለት ትልልቅ። የቀረው ይለፈኝ ነው። ቆራጩ «እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምተው ነው፣ እትዬ፤ እንቁላሉ እስኪሄድ ግን እኛ አረጀን» እያለ ይተርባታል። እሷ አትቆጣም። አንድ ጊዜ ብቻ መለሰችለት።

«መጥፎ ካርታ ይዞ የገባ ሰው፣ አንተ ልጅ፣ ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ ልመና ነው። መሃል የሚወጣውን ካርታ ይለምናል፣ የሰው ፊት ይለምናል። እኔ ልመና አልችልበትም።»

ባልም እንዲሁ ነው የመረጠችው ይባላል። እናቴ እንደምትለው ለጋብቻ የጠየቋትን ሁለት ሰዎች፣ አንደኛውን በወሬው ብዛት፣ ሁለተኛውን በጫማው ንጽሕና ጠርጥራ አሳልፋቸዋለች። ሦስተኛውን፣ አውቶቡስ ነጂውን፣ በሁለት ሳምንት አገባችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ኖሩ። ስለ እሱ ስትጠየቅ ብዙ አታወራም፤ «ደህና እጅ ነበር» ትላለች፣ ከዚያ መርፌዋን ክር ታጎርሳለች።

መርፌውን ክር ማጉረስ ነው ጉዳዩን ያጋለጠልኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ሳለ አራት ጊዜ ሞክራ አቃታት። በአምስተኛው ለእኔ ሰጠችኝ፣ እኔም አጎርሼ መለስኩላት። ወደ ቤት ስንሄድ ነገረችኝ። ዓይኗን ሞራ ጀምሮታል። ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና ይነሣል፣ ነገር ግን ዓመት ተኩል ቆይተሽ ተመለሽ ብሏታል። ዓለም በእንፋሎት የተሸፈነ መስተዋት መስሏታል። በደህና ብርሃን ትሠራለች፤ ደመና ሲሆን፣ ወይም ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ሲሆን፣ የምትሠራው በጣቷ ትዝታ ነው።

ለሥራ ጓደኞቿ አልነገረችም። ከእሷ በፊት ቀዳዳ የሚሠራው ሰውዬ ዓይኑ ሲደክም ተናግሮ ነበር። ወዲያው ሥራውን ለእሷ ሰጡት፣ እሱን የዋጋ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ እንዲያያይዝ አስቀመጡት። ታክሞ ዳነ፣ ቦታው ግን አልተመለሰለትም። አክስቴ ያኔ ወንበሩን የወሰደችው እሷ ስለሆነች ነገሩን አትረሳውም።

ለካ ካርታውም ላይ አንድ ነገር ነበረበት። በደህና ብርሃን ቁጥሩንና ሥዕሉን ትለያለች፣ ቀይና ጥቁሩንም ትለያለች። ቀዩ ልብ ይሁን አልማዝ ግን ካርታውን አፍንጫዋ ድረስ ካላመጣችው አታውቅም፤ ያን ማድረግ ደግሞ መናዘዝ ነው። ስለዚህ ለአንድ ዓመት ያህል በምልክት የሚያምር ካርታ ሁሉ ሲያልፋት ከርሟል። ብልኅነቷን ሳደንቅላት ሳቀች። «ግማሹ ብልኅነት ነው» አለችኝ፣ «ግማሹ ሞራ ነው።»

ችግሩ የመጣው ከጎረቤት ነው። ከስፌት ቤቱ አጠገብ አዲስ ሕንፃ መነሣት ጀመረ፣ በሦስት ወር ውስጥም ከሦስቱ መስኮቶች ሁለቱን ግንብ አደረጋቸው። ብርሃን የቀረው በማዕዘኑ መስኮት ብቻ ነው። እዚያ ሥር ይቀመጥ የነበረው ኮት ሰፊ ጡረታ ሲወጣ ወንበሩ ባዶ ሆነ። የስፌት ቤቱ ባለቤት ወጣ ገባ እያለ፣ እስከ ሰኞ ተስማሙበት፣ ካልተስማማችሁ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቱን አቆምበታለሁ አላቸው።

ሁሉም ፈለገው። ካውያው ከእንፋሎቱ የሚተነፍስበት ነፋስ ይፈልጋል። ሱሪ ሰፊዋ ክረምቱን ሙሉ እግሯ ስለሚበርዳት ፀሐይ ፈለገች። ቆራጩ መንገድ ማየት ይወዳል፣ ይህንንም አልደበቀም። አክስቴም «እኔም እፈልጋለሁ» አለች፤ ምክንያቷን ሲጠይቋት ግን «እንዲሁ ነው» ብላ ወደ ቀዳዳዋ ተመለሰች። እንግዲያው በቅዳሜው ጨዋታ ይለይ ያለው ቆራጩ ነው፤ የሁሉንም ቁልፍ ሰብስቦ የጨረሰ መስኮቱን ይውሰድ። ሌሎቹ ሳቁና ተስማሙ። ለእነሱ ነፋስና ፀሐይ ነበር። ለእሷ እስከ ቀዶ ሕክምናው የቀረውን ስድስት ወር ሥራዋ ላይ መቆየት ነበር።

የዚያን ቅዳሜ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ አመድ መስሎ ዋለ። መብራቱን አበሩት፣ እሱም ከጠረጴዛው ይልቅ ጣሪያውን ያበራ ነበር። እኔ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጬ ሻዬን ይዣለሁ፤ ሻዩ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ።

መጀመሪያ ደህና ሄደላት። ስድስት ዙር አሳለፈች፤ በሰባተኛው ሁለት ንግሥት ይዛ ገባች፣ የቆራጩንም ግማሽ ቁልፍ ወሰደች። ቆራጩ እንግዳው ሰርቆኝ ሄደ እያለ በቀልድ አለቀሰ። እንደገና ማሳለፍ ጀመረች። ከጣለቻቸው አንዱን አልረሳውም። ጠርዙን ቀና አደረገች፣ አየች፣ ትንሽ ቆየች፣ «ይለፈኝ» አለች።

በዚያ ቤት አንድ ደንብ አለ። ዙሩ ሲያልቅ የተጣሉት ካርታዎችም ይገለጣሉ። የጣለውን ያላየ የያዘውን አያውቅም ይላል ካውያው፤ ደንቡን ያወጣው እሱ ነው። በሌላ ቦታ የሚጫወቱ ሰዎች ይህን ቢያዩ እብደት ይሉታል፤ እነዚህ ግን ከመብላቱ ይልቅ በተጣለው መሳሳቅ ይወዳሉ። ስለዚህ ዙሩ ሲያልቅ አክስቴ «ስምንትና ሦስት ነበር» ብላ ካርታዎቿን ገለጠች።

ሁለት ስምንት ነበሩ። መሃል ላይ ሦስተኛው ስምንት ተኝቷል።

ካውያው ካርታውን አነሣና አስቀመጠው። በአምስት ዓመት ጨዋታ ጥንድ ጥላ አታውቅም። ቆራጩ ጠረጴዛውን መታ፣ እትዬ ይለፈኝ መስኮቱን ሲያስቡት ፈሩ፣ ፈርተው ያዩትንም አላመኑም አለ። እሷም «ፈራሁ መሰለኝ» አለች። ቀለል አድርጋ ነው ያለችው፣ እጇ ግን ጭኗ ላይ ቀሚሷን ጨብጦ ነበር። ሱሪ ሰፊዋ አልሳቀችም። የአክስቴን ጣቶች አየች፣ ወደ ግንቡ መስኮት አየች፣ ከዚያ ካርታ ማደሉን ቀጠለች።

ከዚያ ወዲህ ቆራጩ እፍረት አጣ። የፈራን ሰው በትልቅ ውርርድ ማባረር ይቻላል ብሎ አሰበ፣ እውነቱን ነው። አክስቴ ባሳለፈች ቁጥር ይገፋል፣ በገፋ ቁጥር ታሳልፋለች። ሱሪ ሰፊዋ በሁለት የሚያምሩ ትናንሽ አልማዞች ቁልፎቿን ጨርሳ ወጣች። ካውያው ጉልበቱን እያሸ ተከተላት፣ ካርታ አዳዩም እሱ ሆነ። ሁለቱ ቀሩ።

ከዚያ ከሁሉ ትልልቆቹ፣ አስና ንጉሥ፣ መጡላት፣ ሁለቱም ቀይ። በሕጓ መሠረት ይህ የሚገባበት ካርታ ነው፣ ገባች። ካውያው ሦስቱን ገለጠ፤ ቀይ ዘጠኝ፣ ቀይ አራት፣ ጥቁር ንግሥት። ውርርድ ጨመሩ። አራተኛው ጥቁር ሁለት ሆነ። አምስተኛው ቀይ ሰባት። ቆራጩ የመሃሉን ካርታ በዓይኑ ቃኘ፣ የቀሩትን ቁልፎች በሁለት እጁ ሰብስቦ ሁሉንም ወደ መሃል ገፋ። ከእሷ የበለጠ ነበረው። ከገባችና ከተሸነፈች አለቀ። ካሳለፈችም የሚቀሯት ሰባት ቁልፎች ናቸው፣ እነሱም ሁለት ዙር አይቆዩም።

መሃል ላይ ሦስት ቀይ፣ እጇ ውስጥ ሁለት ቀይ። አምስቱም አንድ ምልክት፣ ሁሉም ልብ ወይም ሁሉም አልማዝ፣ ከሆኑ መስኮቱ ወደ እሷ ቀረበ። ካልሆኑ ባዶ እጇን ነች። የመሃሉን ምልክት ሁሉም ያያል፣ እሷ ብቻ አታይም። ያቺ ገና ሲጀመር ሁለት ካርታ ስለመምረጥ እንደዚያ የምትጠነቀቅ ሴት፣ የያዘችውን የማታውቅበት ቦታ ላይ ቆመች።

ከዚያ ካርታዎቿን ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው።

«ልብ ይሁኑ አልማዝ አይታየኝም» አለች። «አንብቡልኝ።»

ውርርዱ ሳያልቅ እጅን መግለጥ በካርታ ጨዋታ ራስን አሳልፎ መስጠት ነው። ካውያው ጎንበስ አለ፣ ጣቱን አንድ በአንድ እያሳረፈ አነበበላት። አሱ ልብ ነው። ንጉሡ አልማዝ ነው። የመሃሎቹ ሦስቱም ልብ ናቸው። አራት ልብ ሆነ፤ አንድ ጎደለ።

ቆራጩ የራሱን ገለጠ። አንድ ዘጠኝ ይዞ ነበር፤ ከመሃሉ ዘጠኝ ጋር ጥንድ። እሷም የቀሯትን ሰባት ቁልፎች ገፋችለት፤ መስኮቱን አሸነፈ። እንዳሸነፈ ሰው ግን አልተቀመጠም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

ዓመት ሊሆነው ነው አለችው፣ ሞራ መሆኑንም ነገረችው። ሱሪ ሰፊዋ ያኔ አንገቷን ደፍታ ተናገረች፤ ባለፉት ሁለት ወራት አክስቴ የሠራቻቸውን የስድስት ቀዳዳ ቋጠሮ ፈትታ ደግማ ሠርታለች። አክስቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ ከቅድሙ ይልቅ ተለወጠ። መስኮቱን ስታጣ እንዲህ አልሆነችም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎስ ለምን አልነገሩንም፣ እትዬ?»

ካውያው ቁልፎቹን ወደ ቆርቆሮው እየመለሰ ማንን እንደሚመለከት ሳይታወቅ ሁለት ዲዳ አንድ ክፍል ውስጥ ብሎ አጉረመረመ።

ቆራጩ ግን ሥራ ውስጥ ገብቶ ነበር። ስድስቱ የትኞቹ እንደሆኑ ሱሪ ሰፊዋን ጠየቃት። ሁሉም ጥቁር በጥቁር ናቸው። በስንት ሰዓት የተሠሩ? ሁሉም ከሰዓት በኋላ፣ ብርሃኑ ከዞረ ወዲያ። ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ሄደ፣ እጁን ዘርግቶ ብርሃኑን እንደ ጨርቅ ለካው። ከዚያ ፈረደ። ቦታው የእሱ ነው፣ አሸንፎታል፣ ማንም አይነካበትም። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ሰው ስለሆነ ወንበር አያስፈልገውም። ጠረጴዛውን እዚያ ያስጠጋል። በወንበሩ ላይ ጥቁር ጨርቅ የያዘ ሰው ይቀመጥበታል። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እትዬ ይለፈኝ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሱሪ ሰፊዋ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚመጣ ጥቁር ቀዳዳም የሱሪ ሰፊዋ ነው።

የመጨረሻው ከባድ ነበር። በሃያ ስድስት ዓመት ከዚያ ቤት ለወጣ ኮት ሁሉ ቀዳዳውን የሠራችው እሷ ናት፤ ግማሹን ጥቁር ለሌላ እጅ መስጠት የኖረችበትን መስጠት ነው። ይለፈኝ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ሱሪ ሰፊዋን አየቻት፤ ልጅቷም ደፍራ አየቻት።

«ቋጠሮሽ ይላላል» አለቻት በመጨረሻ። «ሰኞ ቀደም ብለሽ ነይ፣ አሳይሻለሁ።»

ለባለቤቱ ሰኞ ጠዋት ራሷ ነገረችው። ሱሪ ሰፊዋ የሠራችውን አንድ ቀዳዳና እሷ የሠራችውን አንድ ቀዳዳ ጎን ለጎን አስቀምጣ የትኛው የማን እንደሆነ ጠየቀችው። አገላብጦ አየ፣ ተሳሳተ፣ ቀዳዳው ቀጥ ካለ እናንተ እንደፈለጋችሁ ብሎ ወጣ።

እኔ የደረስኩት አራት ሰዓት አካባቢ ነው። ሰማዩ ተገልጦ ነበር፤ በማዕዘኑ መስኮት የገባው ብርሃን ጥቁሩን ሱፍ ሰማያዊ አስመስሎታል። አክስቴ ወንበሩ ላይ ኮት ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች፣ ሱሪ ሰፊዋ ትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብላ ታያለች። ቆራጩ መቀሱን ይዞ ከፊታቸው ተገትሮ በመስኮቱ ቁልቁል መንገዱን ይመለከታል፤ ባሸነፈው መስኮት ስለሚያልፉት ሰዎች ጫማ አስተያየት ይሰጣል። አክስቴ መርፌዋን አየር ላይ አቁማ ጠበቀች። አልገባውም።

«አንተ ልጅ» አለችው፣ «ጥላህ ሥራዬ ላይ ነው።»

ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ ሄደ። ሌላ ግማሽ ጨምር አለችው፣ ጨመረ።